ሰርጀን ዓሣ በ100 ሊትር ገንዳ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአማርኛ የወጣና ብዙ ሰው የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ የሞቃት ባሕር ዓሣ የሆነውን ሰርጀን ዓሣን በቤት ውስጥ ማኖር ጎልድፊሽ ከማኖር ብዙም እንደማይለይ ይነግረናል። ለእኔ የደረሰኝ አዲስ አበባ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ገንዳ ሊገዛ አስቦ «የተባለው እውነት ነው ወይ?» ብሎ ስለላከልኝ ነው። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህ ነው፦ ዓሣ እንደ ገንዳው ስፋት ስለሚያድግ 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይበቃል፤ የባሕር ውኃ ማለት ጨው የገባበት ውኃ ስለሆነ የአፍዴራ ጨውም ያገለግላል፤ ውኃው አንድ ሳምንት ከቆየ በኋላ ዓሣው መግባት ይችላል፤ ሰርጀን ዓሣ አልጌ በል በመሆኑ ምግቡን ገንዳው ራሱ ያበቅልለታል፤ ነጭ ነቁጥ ከወጣበት ነጭ ሽንኩርትና አጽጂ ሽሪምፕ ያድኑታል፤ ሦስት አራት ሆነው ቢገቡ እርስ በርስ ይላመዳሉ፤ ባሕር ሰፊ ስለሆነም አንድ ዓሣ መግዛት ማንንም አይጎዳም።

እኔ ዱባይ ውስጥ ለዓመታት የባሕር ዓሣ ሳኖር የቆየሁ ሰው ነኝ። ጸሐፊው በአማርኛ እምብዛም በማይጻፍበት ጉዳይ ላይ ብዕር በማንሳታቸው አመሰግናለሁ፤ ሰርጀን ዓሣ እጅግ ውብ እንደሆነና በቤት ውስጥ በደህና ሊኖር እንደሚችል ሲጽፉም እስማማለሁ። ችግሩ ምክራቸው ላይ ነው። እንደተጻፈ ቢፈጸም ዓሣው በሳምንታት ውስጥ ይሞታል። ይህ ዓሣ ደግሞ ዕድሜው አጭር አይደለም። ሃዋይ ውስጥ በውስጠኛው ጆሯቸው ካለው አጥንት መሰል አካል ላይ የዕድገት ቀለበት እየተቆጠረ በተደረገ ጥናት፣ ቢጫ ሰርጀን ዓሣዎች 40 ዓመት የሚያልፉ መሆናቸው ታውቋል። ለዚህ ነው ነገሩን በቸልታ ማለፍ ያልቻልኩት።

ወደ ነጥቦቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ጽሑፉ ሰርጀን ዓሣ አንድ ዓይነት ዓሣ እንደሆነ አድርጎ ይናገራል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ግን ከ80 በላይ ዝርያዎች አሉ። ሁሉንም የሚያዛምዳቸው በጅራታቸው ሥር ግራና ቀኝ ያለው ስለታም እሾህ ነው፤ ነጋዴዎችም በጅምላ «ታንግ» ይሏቸዋል። ከዚያ ወዲያ በመጠንም፣ በጠባይም፣ በአመጋገብም የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። አንዱን ዝርያ ያኖረ ሰው ሌላውን ያውቃል ማለት አይደለም።

«100 ሊትር ይበቃል፤ ዓሣ እንደ ገንዳው ያድጋል»

ይህ አባባል በየአገሩ የሚደጋገም ቢሆንም ውኃ አያነሳም። ዓሣ ገንዳው ጠበበኝ ብሎ በፈቃዱ ማደጉን አያቆምም። በጠባብ ገንዳ ውስጥ የሚቀጭጨው ከቆሻሻው ጋር ስለሚኖር፣ በቂ ምግብ ስለማያገኝና ዕረፍት ስለሚያጣ ነው። እንዲህ ያለ ዓሣ አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቁመቱን ሳያይ ይሞታል፤ ባለቤቱም «ትንሽ ሆኖ ቀረልኝ» እያለ ሲደሰት ይቆያል።

ቁጥሩን እንመልከት። ሕጻናት ሁሉ የሚወዱት ሰማያዊው ሰርጀን ዓሣ ሲያድግ 30 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ቢጫው 20 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በቀይ ባሕርና በዐረብ ባሕረ ሰላጤ የሚኖረው ሶሃል 40፣ ግንባሩ ላይ ቀንድ የሚያወጣው ናሶ ደግሞ 70 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያድጋል። 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከ80 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ያደገ ሰማያዊ ሰርጀን ዓሣ በዚህ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚዋኘው የገዛ ርዝመቱን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ይህ ዓሣ በተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ በባሕር ውስጥ ባለው የኮራል ዐለት ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚውል ነው።

ሱቅ ውስጥ የምናየው አራትና አምስት ሴንቲ ሜትር የሆነውን ጫጩት ስለሆነ ዓይናችን ይታለላል። «ሲያድግ ትልቅ ገንዳ እገዛለሁ» የሚለውን ቃል ኪዳን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ ሲፈጸም ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ገንዳው የሚገዛው ለነገው ዓሣ ይሁን። ለቢጫውና ጥርሳቸው እንደ ብሩሽ ለሆኑት ትናንሽ ዝርያዎች ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 300 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚይዝ ገንዳ መነሻ ነው። ሰማያዊው ቢያንስ 180 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። ሶሃልና ናሶ ከሁለት ሜትር በላይ ገንዳ ለሌለው ሰው የሚሆኑ አይደሉም፤ እነዚህን ለሕዝብ አኳሪየሞች ብንተውላቸው ይሻላል። ቁመቱ ረጅም፣ ወለሉ ጠባብ የሆነ ገንዳ ሊትሩ ቢበዛም ለዚህ ዓሣ አይመችም፤ እሱ የሚዋኘው ወደ ጎን ነው።

«የባሕር ውኃ ጨው የገባበት ውኃ ነው»

በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨዋማ ማዕድን አለ፤ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶ የሚሆነው ሶዲየምና ክሎራይድ፣ ማለትም የገበታ ጨው ነው። ጸሐፊው ያዩት ይህንን ነው። የቀረው ማግኒዥየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ባይካርቦኔት ሲሆን የውኃው አሲዳማነት እንዳይዋዥቅ የሚጠብቀውም በዚህ ክፍል ያለው ባይካርቦኔት ነው። ጨው በፀሐይ ትነት ሲመረት ካልሲየሙ አስቀድሞ ይረጋል፤ ማግኒዥየሙና ፖታሲየሙ ደግሞ ጨው ከተለቀመ በኋላ በሚቀረው መራራ ውኃ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ምርጥ የሚባለው የገበታ ጨው ለባሕር ዓሣ የሚያስፈልገው ሁሉ ተለይቶ የወጣለት ጨው ነው ማለት ነው። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው። ለገንዳ የሚሆነው ለዚሁ ሥራ የተቀመመው የባሕር ጨው ብቻ ነው፤ እሱም ከክሎሪን በጸዳ፣ ቢቻል በውኃ ውስጥ የሟሟውን ሁሉ በሚያስቀረው በአርኦ ማጣሪያ ባለፈ ውኃ ይበጠበጣል፤ ከዚያም ጨዋማነቱ በሪፍራክቶሜትር ይለካል።

«አንድ ሳምንት ካቆዩት በኋላ ዓሣው ይግባ»

ዓሣ በሚተነፍስበት አካሉ፣ በስንጥቡ፣ አሞኒያ የሚባል መርዛማ ቆሻሻ ያስወጣል። ባሕር ውስጥ ይህ ይበተናል፤ ገንዳ ውስጥ ይጠራቀማል። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ አነስተኛ ወደሆነው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በድንጋዩና በማጣሪያው ላይ እስኪራቡ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በባሕር ውኃ ነገሩ የበለጠ ይከፋል፤ ምክንያቱም የአሲዳማነት መለኪያው ፒኤች ከ8.1 እስከ 8.4 በሆነ ውኃ ውስጥ ከአሞኒያው መርዛማ በሆነው መልኩ የሚገኘው ድርሻ ከፍ ይላል። ባክቴሪያዎቹን ለማራባት ዓሣ መሥዋዕት ማድረግ አያስፈልግም፤ ጥቂት የዓሣ ምግብ ጣል አድርጎ እንዲበሰብስ መተው ወይም የአሞኒየም ክሎራይድ ጠብታ መጨመር ይበቃል። አሞኒያውም ናይትራይቱም በመመርመሪያ ዜሮ ሆነው ሲገኙ ያኔ ዓሣ ይታሰብ። ለሰርጀን ዓሣ ግን ያም ቀደም ያለ ነው፤ ጥቂት ወራት የቆየና አልጌ የያዘ ገንዳ ቢጠብቀው ይመረጣል።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳውን፣ አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ግን ዋና የሆነውን ነገር ልጨምር። ሰርጀን ዓሣ ማዕበል በሚመታው፣ አረፋ በሚበዛበት የኮራል ሪፍ ላይ የሚኖር፣ ብዙ ኦክስጅን የለመደ ዓሣ ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ እዚያ ያው ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ያህል ቀንሶ ወደ 5 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ይህ ማለት አዲስ አበባ ላይ የባሕር ዓሣ አይኖርም ማለት አይደለም። የስህተት ቦታው ጠባብ ነው ማለት ነው። ዱባይ ላይ መብራት ቢጠፋ የምሰጋው የአየር ማቀዝቀዣው ቆሞ ውኃው እንዳይግል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ፓምፑ እንደቆመ የዓሣው ትንፋሽ ይቆጠራል፤ ሌሊቱ ሲበርድም ማሞቂያው ይቋረጣል። የውኃውን ገጽ የሚያናውጥ ብርቱ ፓምፕ፣ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው የፕሮቲን ስኪመርና በባትሪ የሚሠራ የአየር መግፊያ እዚያ እንደ ቅንጦት መታየት የለባቸውም። ዓሣው ወደ ገጽ ወጥቶ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ካዩት ረፍዷል።

«አልጌ በል ነው፤ ምግቡን ገንዳው ያበቅልለታል»

ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች አልጌ በል ናቸው። ሰማያዊው ግን በዋነኛነት በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጡራንን የሚለቅም ነው፤ አልጌ ይቀምሳል እንጂ በእሱ ብቻ አይኖርም። ብሩሽ ጥርስ ያላቸው ደግሞ ከድንጋይ ላይ ስስ ሽፋንና ዝቃጭ እየጠረጉ ይበላሉ። እውነተኛ አልጌ በል የሆነው ቢጫው እንኳ 100 ሊትር ገንዳ ውስጥ ያለውን አልጌ በጥቂት ቀናት ልጦ ይጨርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ድንጋዩን ይልሳል እንጂ አይበላም።

የእነዚህ ዓሦች ሆድ እንዴት እንደተሠራ ለመረዳት ከቀይ ባሕር የተገኘ አንድ ድንቅ ነገር ላንሳ። በ1985 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ተመራማሪዎች ቡናማው ሰርጀን ዓሣ አንጀት ውስጥ በዓይን ሊታይ የሚችል፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጡር ማግኘታቸውን ጻፉ። ግዝፈቱ ስላደናገራቸው ምን እንደሆነ ለመወሰን ዓመታት ፈጀ፤ በ1993 ባክቴሪያ መሆኑ ተረጋገጠ። ኤፑሎፒሲየም ፊሸልሶኒ ይባላል፤ እስከዚያን ጊዜ ከሚታወቁት ባክቴሪያዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። እንዲህ ያለ ነዋሪ የተሸከመ አንጀት ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት አልጌ እንዲገባበት የተሠራ አንጀት ነው። ጽሑፉ እንደሚመክረው ማታ ማታ ቁንጥር ደረቅ ምግብ ጣል ማድረግ ለእንዲህ ዓይነቱ ዓሣ ጾም ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ቅመምና ዘይት የሌለበት፣ ሱሺ የሚጠቀለልበት የደረቀ የባሕር አልጌ ኖሪ በየሱፐርማርኬቱ አለ። ጠዋት አንድ ቅጠል በመቆንጠጫ መስታወቱ ላይ ይሰካል፤ ዓሣው እየተመላለሰ ይቦጭቀዋል፤ ሲያልቅ ይተካል። በላዩ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ማይሲስ የሚባል የቀዘቀዘ ጥቃቅን ሽሪምፕ ይጨመራል፤ ለሰማያዊው ደግሞ ይህ በየቀኑ ነው። ሊገዙት ያሰቡትን ዓሣ ከፊት ለፊት ይመልከቱት። ከጎን ሲታይ ሙሉ የሚመስለው ዓሣ ከፊት ሲታይ ከዓይኑ በላይ ያለው ጀርባው ስለት መስሎ ከሳሳ፣ ሆዱም ወደ ውስጥ ከገባ፣ ለሳምንታት አልበላም ማለት ነው። ሻጩ እዚያው እርስዎ ፊት እንዲያበላው ይጠይቁ። አልበላም ካለ አይግዙት።

ከምግብ ሳልወጣ፣ ጽሑፉ ለውኃ ጥራት የነቃ ከሰል በብዛት መጠቀምን ይመክራል። በ2011 የታተመ፣ አሜሪካ ቶሌዶ መካነ እንስሳት ውስጥ የተካሄደ ሙከራ እንዳሳየው ሊግናይት ከሚባለው የድንጋይ ከሰል የተሠራ የነቃ ከሰል በሰርጀን ዓሣ ፊትና ጎን ላይ ቆዳው እየተበላ የሚጎደጉድበትን በሽታ ያስከትላል። ከሰል የግድ ካስፈለገ በጥቂቱ፣ በደንብ ታጥቦና ብናኙ ወደ ገንዳው እንዳይገባ ተደርጎ ይሁን።

«ነጭ ነቁጥ በነጭ ሽንኩርትና በሽሪምፕ ይድናል»

ከጽሑፉ ሁሉ ብዙ ዓሣ የሚገድለው ይህ አንቀጽ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

ነጩ ነቁጥ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ሰርጀን ዓሣዎች ከሌሎች ዓሦች ቀድመው በእሱ የሚያዙ መሆናቸውን በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ተሕዋሱ ከዓሣው ቆዳ የላይኛው ሽፋን ሥር ተቀብሮ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ድረስ የዓሣውን ሕዋስ እየበላ ይወፍራል፤ እኛ የሚታየን ያኔ ነው። ከዚያ ራሱ ለቆ ይወርድና አሸዋ ወይም ድንጋይ ላይ ተጣብቆ በጠንካራ ሽፋን ይጠቀለላል። በሽፋኑ ውስጥ እየተከፋፈለ እስከ ሁለት መቶ ይሆናል። ሲፈለፈሉ በዓይን የማይታዩ ዋናተኞች ሆነው ዓሣ ፍለጋ ይሰማራሉ፤ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካላገኙ ይሞታሉ።

አሁን ነጭ ሽንኩርቱን እንመልከት። ሰኞ ነቁጥ ታየ፤ ባለቤቱ ምግቡን በነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ነክሮ ሰጠ፤ ዓርብ ቀን ነቁጡ ጠፋ። ዳነ ይባላል። ነቁጡ ግን በዓርብ ቀን የሚጠፋው ነጭ ሽንኩርት ቢሰጥም ባይሰጥም ነው፤ ተሕዋሱ ጠግቦ ሊራባ ወርዷል። ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ በመቶዎች ሆኖ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ስንጥቡን ይወርሰዋል፤ ዓሣው ታፍኖ ይሞታል። ባለቤቱ ደግሞ «ድኖ ነበር፤ በሌላ ነገር ሞተ» ይላል። ነጭ ሽንኩርት ምግብ የዘጋን ዓሣ አፍ ይከፍት ይሆናል። ይህን ተሕዋስ እንደሚገድል ግን የተረጋገጠ ነገር የለም።

ሽሪምፑም እንዲሁ ነው። ዓሣው ሽሪምፑ ፊት ቆሞ ሲጸዳ ማየት ደስ ያሰኛል፤ የሞተ ቆዳና ላዩ ላይ ያለውን ነገር ይለቅምለታል። ተሕዋሱ ግን ከቆዳው ሥር ነው፤ ሽሪምፑ አይደርስበትም።

ይህ ዑደት በግምት የሚወራ አይደለም። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ኤይላት ባለው የእስራኤል ብሔራዊ የባሕር እርባታ ማዕከል ውስጥ አንጄሎ ኮሎርኒ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በዝርዝር አጥንቶታል። ተሕዋሱ ከሽፋኑ ለመውጣት ከ3 ቀን እስከ 72 ቀን ሊፈጅበት እንደሚችል ተመዝግቧል። ልብ በሉ፤ 72 ቀን። «ገንዳዬ ለወር ያህል ነቁጥ ስላልታየበት ነጻ ነው» የሚለው አነጋገር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። በሽታው አንድ ጊዜ ዋናው ገንዳ ውስጥ ከገባ ዓሦቹ ሁሉ ወጥተው ገንዳው 76 ቀን ያህል ያለ ዓሣ መቆየት ይኖርበታል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ መፍትሔው ለይቶ ማቆያ ነው። ባዶ የመስታወት ገንዳ፣ ስፖንጅ ማጣሪያ፣ ማሞቂያ፣ ክዳን፣ ለመደበቂያም የተቆራረጠ የፕላስቲክ የውኃ ቧንቧ ይበቃሉ። አሸዋና ድንጋይ መዳብ ስለሚመጥጡ እዚያ አይገቡም። በዚህ ውስጥ አዲሱ ዓሣ በመዳብ መድኃኒት ለ30 ቀን ይታከማል። በውኃ ውስጥ ተረጋግቶ እንዲቆይ ከሌላ ነገር ጋር የተጣመረው የመዳብ ዓይነት መጠኑ በሊትር ከ2.0 እስከ 2.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ሳይጣመር የሚሰጠው ግን 0.2 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። ሁለቱን ማምታታት ዓሣውን በአንድ ሌሊት ይገድላል፤ ስለዚህ ለገዙት ዓይነት በተሠራ መመርመሪያ በየቀኑ ይለኩ፤ መጠኑንም በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀስ እያሉ ያድርሱት። መዳብ ኮራልንና ሽሪምፕን ስለሚገድል ዋናው ገንዳ ውስጥ ፈጽሞ አይጨመርም። መዳብ ለማይፈልግ ሰው ሌላ መንገድ አለ፤ ዓሣውን በየ72 ሰዓቱ አራት ጊዜ ወደ ታጠበና ወደ ደረቀ ገንዳ ማዛወር። ተሕዋሱ ወርዶ ሳይፈለፈል ዓሣው ጥሎት ይሄዳል። ዘዴው ሙሉ በሙሉ በዚያው ዑደት ላይ የተመሠረተ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ነቁጡ የተነሰነሰ ዱቄት ከመሰለ፣ ዓሣው ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ከብርሃንም ከሸሸ፣ ያ ሌላ በሽታ ነው፤ አሚሉዲኒየም ይባላል፤ በቀናት ውስጥ ይጨርሳል። ለዚህም መድኃኒቱ መዳብ ነው፤ ማዛወሩ ግን አያስጥልም።

ጽሑፉ ዓሣው ሌሊት ቀለሙ ከደበዘዘ «ታሟልና መድኃኒት ጨምሩ» ይላል። እባካችሁ አትጨምሩ። ቢጫው ሰርጀን ዓሣ መብራት ሲጠፋ ከድንጋይ ስንጥቅ ገብቶ ይጋደማል፤ ቢጫው ይጠወልግና ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ይወጣበታል። ጠዋት መብራቱ በራ ሲል መስመሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ጤነኛ እንቅልፉ ያ ነው።

«ሦስት አራት ቢሆኑ ይላመዳሉ»

ሰፊ ባሕር ውስጥ በመንጋ የሚዋኙ አሉ። ጠባብ ገንዳ ውስጥ ግን ቅርጻቸው የሚመሳሰል ሁለት ሰርጀን ዓሣዎች ለአንድ ግጦሽ የተፋጠጡ ናቸው፤ ሶሃል የሚባለውማ የባለቤቱን እጅ ሳይቀር የሚያጠቃ ነው። ቀድሞ የገባው ዓሣ ጎኑን ያዞራል፤ ጅራቱን ወደ አዲሱ ያነጣጥራል፤ ተጣጥፎ የነበረው እሾህ ብድግ ይላል። ከዚያ አንድ ፈጣን ምት፤ በአዲሱ ዓሣ ጎን ላይ በምላጭ የተሰመረ የሚመስል ቁስል ይቀራል።

ገንዳው በቂ ከሆነና ሁለት ማኖር ከተፈለገ ከተለያየ ወገን ይመረጡ፤ ለምሳሌ አንድ ቢጫና አንድ ብሩሽ ጥርስ። ቢቻል በአንድ ቀን ይግቡ፤ ካልሆነ ቁጡው መጨረሻ ላይ ይግባ። ነባሩ ማሳደድ ከጀመረ ከገንዳው ውጭ የፊት መመልከቻ መስታወት ማቆም ለቀናት ያህል ቀልቡን ከአዲሱ ያነሳዋል። ሲያዙም በመረብ አይያዙ፤ እሾሁ መረቡ ውስጥ ይጠመድና ዓሣውም እጅዎም ይቆስላል። በፕላስቲክ ዕቃ ከነውኃው መቅዳት ይሻላል።

«ባሕር ሰፊ ነው፤ አንድ ዓሣ ማንንም አይጎዳም»

የሃዋይ ታሪክ ለዚህ በቂ መልስ ነው። ቢጫው ሰርጀን ዓሣ ለአኳሪየም ተብለው ከዚያ ከሚያዙት ዓሦች ሁሉ ቀዳሚው ነበር። ቁጥሩ መመናመኑ የምዕራብ ሃዋይ ነዋሪዎችን ስላስቆጣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከባሕር ዳርቻው ሲሶ የሚሆነው ለአኳሪየም ዓሣ ለሚያጠምዱ ተዘጋ፤ በተዘጉት ቦታዎችም ቢጫው ዓሣ እንደገና በዛ። በ2017 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአኳሪየም ዓሣ ማጥመድ ያለ አካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሊፈቀድ አይገባም ብሎ ወሰነ። በ2021 መጀመሪያ ላይ በመላው ሃዋይ ቆመ። ጸሐፊው «ማንንም አይጎዳም» የሚሉት ነገር እዚያ ሃያ ዓመት ያከራከረ ጉዳይ ነው። በፊሊፒንስ ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ በኋላም በኢንዶኔዥያ፣ ዓሣን ለማደንዘዝ ሶዲየም ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ኮራል ላይ የመርጨት ልማድ የቆየ ነው። ኮራሉ ይሞታል፤ በሱቅ ውስጥ ጤነኛ መስሎ የሚታየው ዓሣም ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከሳምንታት በኋላ ይሞታል።

ስለዚህ አንድ ዓሣ የሚገዛ ሰው ከየት እንደመጣና እንዴት እንደተያዘ መጠየቅ አለበት። ሌላ አማራጭም አለ፤ ጽሑፉ ሳይጠቅሰው ማለፉ አሳዝኖኛል። በ2015 ሃዋይ የሚገኘው ኦሺያኒክ ኢንስቲትዩት ቢጫውን ሰርጀን ዓሣ ከዕንቁላል ጀምሮ ለማሳደግ ቻለ፤ በ2016 የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰማያዊውን አሳደጉ። ቀላል ሥራ አልነበረም። ጫጩቱ ለሳምንታት በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ብርሃን አሳላፊ ነጥብ ነው፤ አፉ ትንሽ ስለሆነ ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን ፍጡራንን አብሮ ማርባት ያስፈልጋል። ዛሬ በእርባታ ያደገ ቢጫ ሰርጀን ዓሣ በገበያ ይገኛል። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ገንዳን ያወቀ፣ የሚሰጡትን የሚበላ ዓሣ ነው። ዱባይ ላይ ስትጠይቁ ሻጩ ከሌለው አስመጡልኝ በሉት፤ ጠያቂ ሲበዛ ያስመጣል።

ጸሐፊውን በአክብሮት የምጠይቃቸው ስለ 100 ሊትሩ ገንዳና ስለ ነጭ ሽንኩርቱ የጻፏቸውን ሁለት አንቀጾች እንዲያርሙ ነው። ሌላው ቢቆይ እንኳ በእነዚህ ሁለቱ ምክንያት ዛሬም ዓሣ እየሞተ ነው።